ሳይቃጠል የቆየው ገጽ

ታይሲያ ፕሮኮፊየቭናን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህ ነበር፤ ለሜትሮ አምስት ኮፔክ፣ ለምሳ የጎመን ሾርባ፣ ለልጇ ለኡስቲንካ ደግሞ አንድ ውሸት። ልጅቷ እናቷን የጨርቃ ጨርቅ መሥሪያ ቤት ታይፒስት አድርጋ ነው የምታውቃት።

ታይሲያ ግን የምትሠራው ሞስኮ፣ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ አገር ላሉ ሰላዮች የሚላከውን መልእክት ወደ ምስጢር ቁጥር ትለውጣለች። ቁጥሮቹ የታተሙበት ገጽ አንዱ እሷ ጋ፣ አምሳያው ተቀባዩ ጋ ይሆናል። አንዴ ከተሠራበት ይቃጠላል። ብቻን ማቃጠል ደግሞ ክልክል ነው፤ ሁለተኛ ሰው ቆሞ አመዱን ማየት አለበት።

ሞስኮ ኦሎምፒኩን ልታዘጋጅ ሽር ጉድ በምትልበት ፀደይ፣ አመዱን የሚያይላት ጌራሲም ኔስቴሮቪች ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ ቆየ። የተሠራበትን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ስትጠብቀው፣ ቀድሞ መልእክት ለተላከለት ለዚያው ሰው ሌላ አስቸኳይ መልእክት መጣ። እጇ ከላይ ያገኘውን ገጽ አነሳ። አዲሱ ገጽ ሳይነካ መቅረቱን ያየችው መልእክቱ ከተላለፈ በኋላ ነው።

በአንድ ገጽ ሁለት መልእክት ከተላከ፣ በሬዲዮ የሚያዳምጡት ባላጋራዎች ሁለቱን አስተያይተው ይፈቱታል። መልእክቱ ደግሞ ሰውየው ሐሙስ ማንን፣ የት እንደሚያገኝ ይናገራል።

ጌራሲም መጥቶ ሲሰማ በሩን ዘጋ።

«ሁለቱንም ገጾች እናቃጥልና አፋችንን እንዝጋ። አመዱን ማን ይለየዋል?»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ? ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው! ኡስቲንካን ግን ታውቂያታለሽ። ብትታሰሪ ማን ሊያሳድግልሽ ነው፣ እኔ? ድንች መላጥ እንኳ የማልችለው ሰውዬ!»

ልትስቅ ሞከረች። «እሱም ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ ቢኖርስ፣ ጌራሲም ኔስቴሮቪች?»

ወጥታ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ሻለቃ ቢሮ ገባች። ሻለቃው ተናግራ እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ ስልኩን አነሳ። «በሌላ መንገድ ይድረሰው! ሐሙስ እንዳይሄድ!» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ጓድ፣ ቁልፍሽን አስቀምጪና ውጪ። ለማንም አትናገሪም፤ ማንንም አትጠይቂም።»

አልታሰረችም። የመኮንኖቹን ካፖርት መቀበያ ላይ መደቧት፤ ጡረታ የወጣችውም ከዚያው ነው። መኪና ደጇ ላይ በቆመ ቁጥር ግን ለዓመታት ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

የሻለቃው ማስጠንቀቂያ ለሰውየው ይድረሰው አይድረሰው ማንም አልነገራት። ዛሬ፣ እውነቱን ያወቀችው ኡስቲንካ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ታይሲያ እናንተን ይህን የምታነቡትን ትለምናለች፦

«በዚያ ፀደይ ከውጭ አገር በድንገት የተመለሰ አባት ወይም ባል ያላችሁ፣ ስሙንም ሥራውንም አትንገሩኝ። በደህና ገብቷል ብቻ በሉኝ።»