ለእናኑ ያላነበብሁላት መስመር

መጀመሪያ ያመመኝ ቆሎ ስበላ ነው። በስተቀኝ፣ የታችኛው መንጋጋ፣ ከመጨረሻው ጥርስ በፊት ያለው። ድሮም ተቦርብሮ ነበር፤ ሁለት ዓመት በሌላው ጎን እያላመጥሁ አሳለፍሁት። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ቀን ጉንጬ አበጠ፤ ገሳይ ከተማ ወርጄ ጤና ጣቢያ ታየሁ።

«ሥሩ መግል ይዟል» አለኝ ባለሙያው። አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ሰጠኝ። «ከሁለቱም በየስምንት ሰዓቱ አንዳንድ ፍሬ፤ ሳያቋርጡ። ጥርሱ ግን መታከም አለበት። ሕመሙ ቢተውዎትም ደብረ ታቦር ጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ።» በወረቀትም ጻፈልኝ።

ማንበብ የቻልሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ ማንበብ ስላቃተው ነው እንዳትሉኝ። አነበብሁት። ቤት ስገባ ባለቤቴ እናኑ ወረቀቱን አይታ «ምን ይላል?» አለችኝ። እሷ ፊደል አታውቅም። «በቀን ሦስት፣ ምግብ ሲበሉ» አልኋት። በየስምንት ሰዓቱ የሚለውን ዘለልሁት። ብነግራት ጠዋት ጠዋት ውኃ ይዛ ትቆምብኝ ነበር። እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም።

ሃይማኖቴ አስገድዶኝ ነው ብል እዋሻለሁ። የንስሐ አባቴ፣ የታመመ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የፈራሁት ሰውን ነው። ትምህርት ከጀመርሁ ወዲህ ጎረቤቴ አለምነህ ባገኘኝ ቁጥር «ተማሪው፣ ደብተር ጾም ያስፈታል እንዴ?» ይለኛል። የቆመው ሁሉ ይስቃል። ፊደል ቆጠረና ጾም ገደፈ እንዳልባል፣ የቀኑን መድኃኒት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ አጣደፍሁት። አንዱን በዘጠኝ፣ አንዱን በዐሥራ ሁለት፣ አንዱን ከምሽቱ በሦስት። የቀረው ዐሥራ ስምንት ሰዓት ባዶ ነው።

መድኃኒቱን በጀመርሁ በአራተኛው ቀን ለዘብ አለልኝ። ጥርስ ሐኪም ጋ አልሄድሁም። ያበጠ ጥርስ ከተነቀለ ሰው ይሞታል ሲባል ነው ያደግሁት፤ እሱም ምክንያት ሆነኝ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አፌ አልከፈት አለ። ከአገጬ ሥር እንደ እንጨት ደረቀ። ምላሴ ወደ ላይ ተነሣ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ስጋደም ትንፋሽ አጠረኝ። ተነሥቼ ተቀመጥሁ። እናኑ አንድ ጊዜ አየችኝ። «ተነሥ» አለች። መንገድ ዳር አውጥታኝ ሚኒባስ አስቆመች።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል የተቀበለችኝ የጥርስ ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ከአገጬ ሥር በጣቷ ተጫነች። «ሉድቪግስ አንጃይና» አለቻት ነርሷን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መግሉ ከጥርሱ አልፎ ከምላስዎ ሥር ገብቷል። እብጠቱ የትንፋሽ መንገድዎን እየዘጋ ነው። አሁኑኑ ከፍተን እናፈሰዋለን፤ ጥርሱንም እንነቅላለን። ትንፋሽ እምቢ ካለ አንገትዎን መብሳት ሊኖርብን ይችላል።»

«እብጠቱ ሳይበርድ ትነቅይዋለሽ?» አልኋት በተዘጋ አፌ።

«አባባ፣ እብጠቱን ያመጣው እኮ ጥርሱ ነው። እሱን ትተን ምን እንጠብቅ?» አለችኝ። ቀጥላም «መድኃኒቱን በየስምንት ሰዓቱ ወስደዋል?» አለች።

የመለሰችው እናኑ ናት። «በየስምንት ሰዓቱ አይልም፤ አንብቦልኛል። ምግብ ሲበላ ነው የሚለው።» ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠቻት። ሐኪሟ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

እናኑ እኔን አየች። እኔ ግድግዳውን።

በደም ሥር ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ለቀቁልኝ። ማደንዘዣ ወጉኝ። መግል ባለበት ማደንዘዣ በደንብ አይዝም። አልያዘኝም። ተቀምጬ ነው የቀደዱኝ፤ ብጋደም እታፈናለሁ። ከአገጬ ሥር ሁለት ቦታ። መግሉ ወረደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አፌን በብረት ፈለቀቁት። ጥርሱ ሲነቀል ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ አየር ገባልኝ።

በቁስሉ ውስጥ መግሉ የሚወርድበት ቀጭን ጎማ ትተውልኝ አምስት ቀን ተኛሁ። እናኑ የመርፌው ሰዓት በተቃረበ ቁጥር ነርሷ ጋ እየሄደች «ደርሷል?» እያለች ትጠይቃለች፤ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣኛለች፤ ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። በሦስተኛው ቀን አፌ ትንሽ ሲከፈት «ዋሽቼሻለሁ» አልኋት።

«ገብቶኛል» አለች። «ብትሞት ኖሮ እኔ ምን እንደምል ታውቃለህ? መድኃኒቱ አልሠራለትም እያልሁ እኖር ነበር። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ።»

 

ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ሐኪሟ ቀሪ ጥርሶቼን አንድ በአንድ አይታ፣ አንዱን ሞላችው፤ ሌላውን ደግሞ በሦስት ቀጠሮ ሥሩን አጽድታ ሳይነቀል አተረፈችልኝ። በጊዜው ብመጣ ኖሮ የተነቀለውም በዚሁ መንገድ ይድን እንደነበር ነገረችኝ። ለእጇ አመሰግናለሁ። እናኑን ግን በምን ቃል እንደማመሰግናት ገና አላገኘሁትም።

እናንተ ጥርሳችሁን ይዛችሁ ይህን የምታነቡ፦ መድኃኒቱ መግሉን ያስታግሳል እንጂ ጥርሱን አያድንም፤ ሕመሙ ቢተዋችሁም ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጾመኛ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ መንደሩን አትጠይቁ። አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ያን ሰዓት ቤታችሁ አትቀመጡ።

አሁን የመድኃኒት ወረቀት ሲሰጠን እናኑ ለእኔ አታሳየኝም። ባለሙያው ፊት ቆማ በቃል እንዲነግራት ትጠይቀዋለች፤ ሰዓቱን እሷም ደግማ ትነግረዋለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ቋጥራ ትወጣለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ቅር አይለኝም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ግን ትክክል ናት።