ሦስቴ «የስ ዶክተር» ያልኩት

«ሰውየው ያለው አልገባሽም፤ አይደል?» አለችኝ፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን የመድኃኒት ከረጢቶች ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አንዱ ውስጥ ነጭ፣ አንዱ ውስጥ ቢጫ ፍሬ። ማላኪያ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፣ እኔ ሆቴል አስተናግዳለሁ። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ «እትዬ» ነው የምላት። ጁባ ውስጥ ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ጠዋት ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ገበያ ላይ በዓረብኛ ነጋዴ ታስለቅሳለች፤ እንግሊዝኛ ግን የኔ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ግቢውን ሁሉ አሳምኛለሁ። ዶክተሩ ስለ ደም ግፊቷ ቶሎ ቶሎ አወራ። «ቢፎር» ሰማሁ፣ «ስቶፕ» ሰማሁ፣ «ቬሪ ኢምፖርታንት» ሰማሁ። በየመሃሉ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ይለኛል። ሦስቴ ጠየቀኝ። ሦስቴ «የስ ዶክተር» አልኩት።

የአንደርስታንድ ትርጉም ጠፍቶኝ አይደለም። መረዳት ነው፤ ደብተሬ ላይ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ችግሩ አጠቃቀሙን የለመድኩበት ቦታ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና «አንደርስታንድ?» ይላል፤ ሰባ ተማሪ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» እንላለን። መልስ የሚፈለግበት ጥያቄ አልነበረም፤ እንደ ደወል ነበር። ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ «ኖ» አለች። አስነስቶ «ምኑ ነው ያልገባሽ?» አላት። ምኑ እንዳልገባት መናገር አቃታት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የገባኝም ያልገባኝም «የስ» ነው።

«ተናገሪ እንጂ» አለች እትዬ። «ቅድም ሁለቱንም ከምግብ በኋላ አልሽኝ፤ አሁን ደግሞ ቢጫውን በፊት ትያለሽ። የቱን ልዋጥ?»

«ሰውየው ሲያወራ በጣም ይፈጥናል እኮ፣ እትዬ…»

«ስለ ፍጥነቱ ማን ጠየቀሽ? ገብቶሻል አልገባሽም?»

«አልገባኝም።»

ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«የጎረቤታችንንም የኪራይ ውል እንዲህ ነው ያነበብሽላት?»

የክፍላችን ቆርቆሮ በፀሐይ ይንቋቋል። ከእሷ ሌላ ሄጄ የማወራው ሰው ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝም።

«ክሊኒኩ ሳይዘጋ ልሂድ» አልኳት። «እስክመጣ አንዱንም እንዳትውጪ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አይ፣ አንቺ ተኚ።»

ከረጢቶቹን አቀበለችኝ። «እንግዲህ አሁን ለኔ ያልሽውን ለሰውየውም በይው።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩና ወጣሁ።