ጋሽ ፈንታሁን የረሷት አንዲት መስመር

ጋሽ ፈንታሁንን የምታውቁ ሁሉ፣ ዓርብ ጠዋት መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በልጃቸው በአለምነሽ ቤት ዐርፈዋል። ሐዘኑ የሁላችንም ነው። እኔ ተማሪያቸው ግን ከሐዘኑ ይልቅ እፎይታው ይበልጥብኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመሥሪያ ቤታችን ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቁን ኮምፒውተር የሚጠብቁት እርሳቸው ነበሩ። አዲስ ሶፍትዌር ሲጫን እያንዳንዱ ፋይል የት እንደሚያርፍ የሚናገር መዝገብ አለ። ሰው ሲቸኩል ደግሞ በመጫኛ ትእዛዙ ውስጥ አንዲት መስመር ጨምሮ መዝገቡን ይሽረዋል፤ ኦቨርራይድ እንላታለን። ጋሽ ፈንታሁን ይህቺን መስመር አይወዷትም። በልጅነታቸው ስማዳ የቄስ ትምህርት ተምረው ነበርና፣ ከመጫናችን በፊት ትእዛዙን ጮኽ ብለን እንድናነብላቸው ያደርጉን ነበር። «በዓይንሽ ብቻ ካየሽው ትዘልይዋለሽ፤ አንብቢልኝ» ይሉኛል። የንፋስ መውጫ ልጅ ስለሆንሁ «እናንተ ጋይንቶች ጥድፊያችሁ» እያሉ ይስቁብኛል። ስሳሳት ለአለቃ አይናገሩም፤ ወንበራቸውን ስበው አብረውኝ ያርማሉ።

ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ በኋላ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ባረፉበት ሳምንት ማክሰኞ አለምነሽ ደወለችልኝ። «አባዬ እህል አልቀምስ ብለዋል። የረሳሁት ነገር አለ ይላሉ» አለችኝ። ስልኩን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ እሑድ አዲሱን ልትጭኑ ነው አሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔው ራሴ ጡረታ ሳልወጣ አንዲት ኦቨርራይድ ትቻለሁ። ቸኩዬ፣ ማስታወሻም ሳልጽፍ። የትኛው ትእዛዝ ላይ እንደሆነች ጠፋችብኝ።»

ደነገጥሁ። ያቺ መስመር ካልተገኘች አዲሱ ፋይል ሰው እየተገለገለበት ባለው ላይ ይጻፍና ሥራው ቀጥ ይላል። እርሳቸውም ጸጸቱን ይዘው ሊሄዱ ነው። ዛሬም የምንጭንባቸውን የድሮዎቹን ትእዛዞች አውጥቼ በስልክ ማንበብ ጀመርሁ። ሲያስላቸው እጠብቃለሁ። አምስተኛው ላይ «እስቲ ድገሚያት» አሉኝ። ደገምሁ።

«እሷ ናት። አጥፊያት፤ መዝገቡ ይበቃል።»

አጠፋኋት። በመሞከሪያው ማሽን ላይ ሳየው ፋይሉ መዝገቡ ባዘዘው ቦታ ገባ። ይህንኑ ስነግራቸው «ተመስገን» አሉ። ወዲያው አጥሚት ጠይቀው እንደ ጠጡ አለምነሽ ነገረችኝ።

እንደ እርሳቸው ያለ ባለሙያ ስሕተቱ ባይነሣ ይሻል ነበር የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ሰውዬውን በደንብ ያወቅሁት ግን በዚያች ስልክ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው ተናገሩ።

ጋሼ፣ ዓርብ ስለ ሄዱ የእሑዱን አልሰሙም። ማክሰኞ ካቆምንበት ቀጥለን የቀሩትን ትእዛዞች ከባልደረቦቼ ጋር ጮኽ ብለን አነበብናቸው። ስምንተኛው ላይ ሌላ ኦቨርራይድ ተገኘች። «ይህቺ ደግሞ የማን ናት?» ሲባል ሁሉም ተያየ። ዝም ማለት እችል ነበር። «የኔ ናት፤ ረስቻት ነው» አልሁ፣ ጋሼ። አጠፋናት፣ ጫንን፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። ሰኞ ጠዋት ሰው እንደ ወትሮው ተገለገለ። የቀረ የለም፤ ይረፉ።