ቅጠል ለሚያኝክ የሚሆን ችግኝ

እንጅባራ ውስጥ የተከራየኋት ክፍል ከነድመቱ ነው የተሰጠችኝ። ድመቱ የአከራዬ ነው፤ አይጥ እንዲይዝላቸው ያመጡት። እሱ ግን አይጡን ትቶ ግቢ ውስጥ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ሲያኝክ ይውላል፤ ሲደክመው እኔ መስኮት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል አከራዬ አጥሩ ሥር የሚተክሉት የአበባ ቁራጭ ከዳንግላ ይዘው መጥተው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሲያቆሙት ደነገጥሁ። አበባው ነጭ ነው፤ እንደ ጥሩንባ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ዓይን የሚስብ። ኔትወርክ ሲመጣ ጠብቄ ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ከቅጠሉ እስከ ሥሩ መርዝ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ «እማማ፣ ይኼ ድመቱን ይገድለዋል» ይላል። እኔ ግን «እንዴት አደሩ» ለማለት እንኳ በሩን ከመክፈቴ በፊት የምለማመድ ሰው ነኝ። ወጣሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ተመለስሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው «ለአጥሩ ሥር ሌላ ችግኝ ላምጣልዎ?» የሚል ሆነ።

«አምጭ እንጂ» አሉ። «የተማርሽ አይደለሽ? እስከ እሑድ ካልመጣ ግን ይኼን እተክለዋለሁ። ሥር እያወጣ ነው።»

የተማርሁት የሒሳብ አያያዝ ነው። እሱንም አልነገርኋቸውም።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ችግኝ ከምትሸጥ አንዲት ድምፀ ጎላ ሴት ፊት ቆምሁ። ዙሪያዋን ገበሬው ከቧታል። በዚያ ሁሉ ባለ ላምና ባለ በግ መካከል ስለ ድመት ጤና እንዴት ይወራል? ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤት ውስጥ ቅጠል የሚያኝክ አለ፤ የማይጎዳው ፈልጌ ነው» አልሁ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት።»

«የኔ እናት፣ በሁለት ዓመቱማ ያገኘውን ነው የሚጎርሰው። የኔው አፈር ነበር የሚበላ። ማን ይጠብቅልሻል?»

እዚህ ላይ «ድመት እኮ ነው» ማለት ይቻል ነበር። እሷ ችግኝ ልታነሣ ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት። ቀና ስትል ግን «አከራዬ» አልሁ። ውሸት አልተናገርሁም፤ ጥንቃቄዬ እስከዚህ ድረስ ነው።

ድመት እንደማይጎዱ ያነበብሁላቸውን ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል መረጥሁ።

«እሾሁስ?» አለች።

«ይዘለዋል።»

«በሁለት ዓመቱ?» ፊቷ ላይ አድናቆት አየሁ።

ችግኙ ለአንድ ሰው ሸክም ስለነበር ነገ በባጃጅ አመጣልሻለሁ ብላ ቤቱን ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

እሑድ መጣች። ሕፃን ያለበት ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ከችግኙ ጋር በጠርሙስ ወተት ይዛለች። አከራዬ የቀርከሃውን በር ሲከፍቱላት እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ። ልጁ የታል?»

«የማን ልጅ?»

«የተከራይዎ።»

ከዚያ አከራዬ፣ በጣም በቀስታ፣ «አንች ልጅ፣ እስቲ ብቅ በይ» አሉ።

ብቅ አልሁ። ምን እንደምል ሳስብ ድመቱ ከመስኮቴ ዘሎ ወረደና ባልዲው ዳር ተቀምጦ የነጩን አበባ ቅጠል ማሽተት ጀመረ። አፉን ሲከፍት «መርዝ ነው!» ብዬ ጮህሁ። ሮጬ ባልዲውን ገለበጥሁት። በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፄ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱም ያዩኛል። ቀሚሴ ረጥቧል።

«ልጁ እሱ ነው» አልሁ። «ድመቱ።»

ችግኝ ሻጯ ድመቱን አየች፤ ወተቱን አየች። «ለዚህ ነዋ የሚዘል» አለች።

አከራዬ ቁራጩን ከጭቃው ላይ እያነሡ «ሰሞኑን ስለ ዝናብ ስታወሪኝ የሰነበትሽው ይኼን ለመናገር ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ቤቱን ልትለቂብኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼልሻለሁ።» ቁራጩን ወስደው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት።

ወተቱን ድመቱ ጠጣው። ጽጌረዳውንና የጥብስ ቅጠሉን በአጥሩ ሥር ተከልናቸው፤ እስካሁን አንዱንም ቀምሶ አያውቅም። ችግኝ ሻጯ ግን ገበያ ውስጥ ባየችኝ ቁጥር ከሩቅ «ልጅሽ ደህና ነው?» ትለኛለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ «ደህና ነው» እላለሁ።