ስሜን ያልጻፍኩበት ወረቀት፦ ሦስት ቀን በአቃቂ

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ስምንት ሰዓት ላይ አንሶላ፣ ፎጣና ሹራብ በፌስታል ይዤ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወረድኩ። የምሄደው አቃቂ ነው። ሩቅ አገር አይደለም፤ ለሥራ በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው። ያን ቀን ግን የወጣሁት የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ባዘጋጀው የሦስት ቀን የምስጋና ጊዜ ላይ ለመገኘት ነበር። እውነቱን ለመናገር ዝማሬ ጠፍቶብኝ ነበር። እሱን ልፈልግ ነው የሄድኩት።

እንዴት እንደጠፋብኝ ልንገራችሁ። የምሠራው ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ክር የሚያጠነጥነው ማሽን ላይ ቆምኩ። ማሽኑ ሲጮኽ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ዘምሬ አላውቅም። እዚያ ጫጫታ ውስጥ ግን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እዘምር ነበር። የምጸልየውም የማለቅሰውም እዚያው ነበር። ከአምስት ወር በፊት ወደ ማሸጊያ ክፍል ቀየሩኝ። ማሸጊያ ክፍል ጸጥ ያለ ነው፤ የሚሰማው የካርቶንና የፕላስተር ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ተዘጋ፣ ቆይቶ ልቤም ተከተለው። እሁድ እሁድ ሰው ሲዘምር ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።

ታች ጎረቤቴ እትዬ አስካለ እየጠበቁኝ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ነይ ነይ ብለው ያስመዘገቡኝም እሳቸው ናቸው።

«ይቺ ፌስታል ብቻ? እኔ ቤቴን ነቅዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ በገመድ የታሰረ ፍራሻቸውን እያሳዩኝ።

እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደን ታክሲ ላይ ፍራሹ ጣጣ አመጣ።

«እናት፣ ፍራሹ የአንድ ሰው ይከፍላል» አለ ረዳቱ።

«ፍራሽ ሰው ነው እንዴ?»

«ወንበር ይዟላ!»

«እንግዲያው መልሱን ለፍራሹ ስጠው» ብለው መቶ ብር ዘረጉለት። ታክሲው ሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ስቆ የሁለት ሰው ብቻ ቆርጦ መለሰላቸው።

ከቱሉ ዲምቱ ሌላ ታክሲ ይዘን አቃቂ ገባን። ከባድ መኪኖች ተከታትለው ስለሚያልፉ ከአቧራው የተነሳ መስኮቱን ዘግተን በሙቀት ተቀቀልን። ከዚያ በባጃጅ አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ተሻገርን። ከማዶ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ተጀመረ። በግራና በቀኝ ጎመን የተተከለባቸው ጥቂት መደቦች ቀርተዋል፤ ከኋላቸው ያላለቁ ሕንፃዎች ቆመዋል። ግቢው ባሕር ዛፍ የከበበው ነው፤ መሃሉ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ።

በር ላይ የተቀበሉን የኅብረቱ መሪ እማማ ዲንቄ ናቸው። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። የተወለዱት እዚያው መንደር ነው።

«እዚህ ቦታ አባቴ ምስር ይዘራ ነበር» አሉን እጃችንን ይዘው። «ዛሬ ሴት ይበቅልበታል። ግቡ።»

ዓርብ፣ አመሻሽ

አዳራሹ ውስጥ መድረክም ማይክም አልነበረም። ስልሳ የምንሆን ሴቶች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀመጥን። እማማ ዲንቄ የቤቱን ልማድ ነገሩን። እዚህ መዘምራን የሚባሉ ሰዎች የሉም። ሁሉም ስሙን በወረቀት ጽፎ ሰፌድ ላይ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት አንድ ወረቀት ይወጣል፤ ስሟ የወጣው ተነስታ መዝሙር ታነሳለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላታለን። ሳይዘመር ማንም አይቆርስም።

ወረቀቱ ለእኔም ደረሰኝ። እትዬ አስካለ ከጎኔ ስማቸውን በትልቁ ጻፉ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ የምጽፍ መሰልኩ፤ ምንም ሳልጽፍ አጥፌ ሰፌዱ ላይ ጣልኩት። ደረቴ ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ያን ምሽት ስሟ የወጣው የባንክ ሠራተኛ ናት። መዝሙሩን ጀምራ ግጥሙ ጠፋባት።

«ቆይ ቆይ፣ ከአሮጌው የመዝሙር ደብተር ነው ከአዲሱ የጀመርኩት?» ብላ ሳቀች። እኛም ስቀን እንደ አዲስ አስጀመርናት። ሽሮና ጎመን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ የለም።

ቅዳሜ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕር ዛፉ ሥር ጸሎት ነበር። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እማማ ዲንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው፣ «እስከ ነገ ልመና የለም። የምትለምኑትን እሱ ያውቀዋል። እናንተ አመስግኑ» አሉ።

ሴቶቹ እየተነሱ ያመሰገኑበትን ነገር ብትሰሙ! አንዷ የልጇ ሳል ስለቆመ አመሰገነች። ሌላዋ ባሏ ሥራ ፈቶ እንኳ ስላልተጨቃጨቁ አመሰገነች። መናኸሪያ በር ላይ አምባሻ የምትሸጥ አንዲት ሴት ለምሳ ስሟ ወጣና ዘመረች። ድምፅዋ የጎረነነ ነው፤ ከፍ ዝቅም አያውቅም። ስትጨርስ ግን ግማሹ ሰው እንባውን ይጠርግ ነበር። ይህን ሳይ ውስጤ ተነካ። እኔ እስከዚያ ድረስ መዝሙር ጥሩ ድምፅ ላላቸው የተሰጠ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ አስካለ ጋር ዕቃ የማጠብ ተራ ደረሰን። ትሪ ከትሪ ሲጋጭ ጆሮ ይበሳል። ሳላስበው ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

«ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ሰማሁሽ እኮ። ድስት ሲንኳኳ ነው እንዴ የምትዘምሪው?»

ስለ ማሽኑ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ወረቀቱ ግን አልነገርኳቸውም። እትዬ አስካለ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እኔ ደግሞ ገበያ መሃል ካልጮህኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁሉም የራሱ አለው» አሉኝ። ትሪውን አጥበው ለእኔ አቀበሉኝ።

እሁድ፣ ምሳ

የመጨረሻው ምግብ የበግ ወጥ ነበር። ጠዋት ሙሉ ሽንኩርት ሲከተፍለት ስለነበር ሽታው ከአዳራሹ አልወጣም። እማማ ዲንቄ እጃቸውን ሰፌዱ ውስጥ ሰደዱ፤ ወረቀቱን ገለጡት፣ አገላበጡት።

«ባዶ ነው» አሉ።

ጆሮዬ ጭው አለ።

«ይጣልና ሌላ ይውጣ፣ እማማ! ወጡ ይቀዘቅዛል!» አለች አንዷ ከኋላ።

«አይጣልም» አሉ እማማ ዲንቄ። «ይሄ የአንድ እህታችን ወረቀት ነው። ፈርታ ነው። እሷን ዘልለን የሌላ ብናወጣ፣ ያንቺን መዝሙር አንፈልግም ማለታችን ነው። እንጠብቃት።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ስልሳ ሴት ዝም አለ። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። ወጡ ላይ ቅባቱ ሲረጋ አየሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ከዚያ ግቢ እንደዚያ ብወጣ፣ ከዚያ በኋላ የት ሄጄ ልዘምር ነው?

«የእኔ ነው» አልኩ። ድምፅ አልወጣም። ተነስቼ ደገምኩት። «የእኔ ነው።»

«አንቺ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ያን ሁሉ ሽንኩርት ያለቀስኩበትን ወጥ ያቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ እንደገና ጸጥ አለ። ጸጥታው ልክ እንደ ማሸጊያ ክፍል ሆነብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ልቀመጥ ስል እትዬ አስካለ ማንኪያ አንስተው ትሪውን መቱት። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። እንደ ማሽኑ ሳያቋርጡ ይመቱታል። ዓይናቸውን አየሁት፤ አሁን አይስቁም። ማዶ ያለችው አምባሻ ሻጭ ብርጭቆዋን መታች። የባንክ ሠራተኛዋ ቀጠለች። ከዚያ ሁሉም ያገኘውን ይዞ ይመታ ጀመር፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ሳይቀር ጮኸ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሽኑ ላይ ቆሜ ራሴ የገጠምኳትን መዝሙር አነሳሁ፦

ክር ነኝ፣ ቀጭን ክር፣ ለብቻዬ ብሆን የምበጠስ፤
በእጅህ ተጠንጥኜ፣ በአንተ ዘንድ የምታደስ።

ጫጫታው መቼ እንደቆመ አላውቅም። ሁለተኛውን ዙር ስል የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ማንኪያ የያዘ ሰው የለም። ደነገጥኩ፤ ግን አላቋረጥኩም። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ተቀበሉኝ። አምስት ወር ሙሉ ደርቆ የነበረው ውስጤ ያን ጊዜ ሲርስ ተሰማኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት የእንባዬ ጨው አፌ ሲገባ ነው።

ከምሳ በኋላ እማማ ዲንቄ ባዶውን ወረቀት መለሱልኝ። «በይ አሁን ጻፊበት» አሉኝ። ስሜን ጻፍኩ። ተቀብለው ወደ ሰፌዱ መለሱት።

መመለሻ

ወደ ቤት ስንመለስ ፍራሹ ታክሲው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ክርክር አልነበረም። እትዬ አስካለ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ኮዬ ፈጬ ደረስን።

ጫጫታው ድምፄን ከሰው የሚሸሽግልኝ ይመስለኝ ነበር። እነዚያ ሴቶች ግን ትሪና ብርጭቆ የመቱት መዝሙሩን እንድጀምር ብለው ነው፤ ስጀምር ዝም አሉ። እግዚአብሔር በማሽኑም ጩኸት ውስጥ ይሰማኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የምፈራው ሰው ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ወጣቸው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁኝ።

ሰኞ ጠዋት ማሸጊያ ክፍል ገብቼ ካርቶን ማጠፍ ጀመርኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ የክሯን መዝሙር አነሳሁ። ከማዶ የምታሽገው የሥራ ባልደረባዬ ዘሐራ ቀና አለች። ዝም አልኩ።

«ምነው አቆምሽው?» አለች ፕላስተሩን እየቀደደች። «እጄ ሊፈጥንልኝ ነበር እኮ። በይ ቀጥይ።»

ቀጠልኩ።