ለክርስትናው ቀን የወለቀው ጀሶ

ኪሩቤል እንደተወለደ አዋላጇ ነርስ አገላብጣ አየችውና ቀኝ እግሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ውስጥ እግሩ የግራውን እግር ይመለከታል። «ቆልማማ እግር ነው። አይዞሽ፣ ይታከማል፤ ቶሎ ጀምሩ ብቻ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ቆልማማ» የሚለውን ነው። እግሩን በጨርቅ ሸፈንኩት። ጡት እንኳ ገና አላጠባሁትም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ልጅ ታቅፋችሁ ለተቀመጣችሁ እናቶች ነው። እንፍራንዝ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። «የአካል ጉዳት እርግማን አይደለም» እያልኩ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ጮኼአለሁ። አፌ ነው እንጂ ልቤ ለካ አልተማረም።

ጎንደር ውስጥ፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ ትንሽ የማኅበረሰብ ክሊኒክ አለ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ወሰድነው። ጎረቤት «ምነው፣ አራስ ሆነሽ ወዴት ነው?» ሲለኝ «ለክትባት» እላለሁ። በየሳምንቱ ክትባት! ማን እንዳመነኝ እንጃ።

እዚያ የተቀበሉን ሲስተር ዘውዴ ናቸው። ነርስ ሳይሆኑ ፊዚዮቴራፒስት ናቸው፤ ግን ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል። «አጥቢው» ይሉኛል። እሱ ሲጠባ እግሩን በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ይገፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ ልጄ ዘወር ብሎ እንኳ አያይም። ከዚያ ረዳታቸው እግሩን ትይዝና እሳቸው ከጣቱ እስከ ጭኑ ጀሶ ያስሩለታል። በሳምንቱ ጀሶውን በሞቀ ውኃ አርሰው ያወልቁና ጥቂት አቃንተው እንደገና ያስራሉ። በአራተኛው ጀሶ እግሩ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም።

ዐርባ ቀኑ ደረሰ። ወንድ ልጅ በዐርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የባለቤቴ ዘመዶች ከመካነ ብርሃን ሊመጡ ነው። ቄሱ ልጁን ራቁቱን ሲያነሡት ያ ሁሉ ሰው ጀሶውን ሊያይ ነው። ጀሶ ደግሞ ውኃ መንካት የለበትም። ከሁሉ ይልቅ አማቴን ፈራሁ። «የተማረችው ምራት ምን ወለደች!» የሚሉ መሰለኝ።

በዋዜማው ረፋድ ላይ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረብኩ። ባለቤቴ «ተይ፣ መጀመሪያ ሲስተርን ጠይቂ» አለኝ። አልጠየቅሁም። እግሩን ነከርኩት። ጀሶው አልወልቅ አለኝ። በማንኪያ ፈለቀቅሁት። ኪሩቤል ጮኸ። ተረከዙ ተላጠ። አላቆምኩም።

በማግሥቱ ማንም ምንም አላየም። «ሸጋ ልጅ!» ተባለ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

አማቴ ሰነበቱ። እሳቸው እያሉ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነገሩን መግለጥ ነው ብዬ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ። እግሩ ተመልሶ ዞረ። አንድ ቀን አማቴ ልጁን ሲያጥቡት እግሩን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ይኼ እግር መድኃኒት የለውም?»

«አለው» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? የአያ ወርቁ ልጅ እንዲህ ሆኖ ተወልዶ፣ ጎልምሶም በእግሩ ጎን ነው የሚሄድ። ያኔ መድኃኒት አለው ያለን ሰው የለም። ተነሽ!»

የፈራኋቸው ሴት እኒህ ናቸው።

ሲስተር ዘውዴ እግሩን አይተው ደነገጡ። «ምን ሆነ?» አሉኝ።

«በራሱ ወለቀ» አልኩ። ስለ ሦስቱ ሳምንት ደግሞ «አሞኝ ነበር» አልኩ።

ተራ የሚጠብቁ እናቶችና ሁለት ተለማማጆች ነበሩ። በእነሱ ሁሉ ፊት «ጀሶ ተንሸራቶ ከወለቀ ጥፋቱ የአሳሪው ነው። ጉልበቱ ጋ በደንብ አላጠፍኩትም ማለት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ግን አልተናገርኩም። «ምንም አይደል» አልኩ። ይቅር አልኳቸው! እኔ!

ከዚያ እንደ አዲስ ተጀመረ። ስድስት ጀሶ ታሰረለት፤ በመጨረሻም ተረከዙ ወደ ታች አልወርድ ስላለ ቴኖቶሚ የሚባለውን ትንሽ ቀዶ ሕክምና፣ የተረከዙን ጅማት በማደንዘዣ የመቁረጥ ሥራ፣ ሐኪሙ ሠራለት። ከሦስት ሳምንት ጀሶ በኋላ በብረት የተያያዘች ጥንድ ጫማ፣ ብሬስ፣ ተሰጠን፤ ሦስት ወር ሙሉ ለገላ መታጠቢያ ካልሆነ ከእግሩ አልወጣችም፣ ከዚያ ወዲህ ሲተኛ ብቻ ሆነች፣ አማቴም ከመካነ ብርሃን በደወሉ ቁጥር «ጫማው ተደረገ?» ሳይሉ ስልክ አይዘጉም ነበር። በዓመት ከሁለት ወሩ ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ነክተዋል።

ሁለት ዓመት ሲሞላው ለክትትል ሄድን። ሲስተርን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉን ነገርኳቸው።

«በዋዜማው እዚህ አውልቀንለት፣ ተጠምቆ ሲመጣ መልሰን እናስርለት ነበር። ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርገናል» አሉ። ቀጥለውም «ከዚያ ወዲህ እኮ ጀሶ ሳስር እጄን አላምነውም። ረዳቴን 'እስኪ አንቺም እዪልኝ' እላታለሁ» አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቶች፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ስትሰሙ አድጋችኋል፤ እኔም። ቆልማማ እግር ያለው ልጅ ከወለዳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሰዱት። ክርስትናም ይሁን ሠርግ ቢደርስባችሁ ለሚያክሙት ንገሩ፤ ቀን ይመቻቻል። ብሬሱን እግሩ ቀና ብላችሁ አትተዉት። ካጠፋችሁም አጠፋሁ በሉ፤ የልጁ እግር እንደገና ይታሰራል፣ የሰው ስም ግን በጀሶ አይጠገንም።

ሲስተር ዘውዴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ዛሬ ወደ ሱቅ ሲላክ እየሮጠ ነው የሚሄደው። እርስዎ ይቅርታ የጠየቁኝ በሰው ፊት ነው፤ እኔ ግን የነገርኩዎት ለብቻዎ ነበር። ስለዚህ አሁን በሰው ፊት ልበለው፦ የእርስዎ እጅ አልተሳሳተም። ጀሶውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ።