ከበርበሬ ወፍጮ የመጣው ሞተር

የቶርኖዬ ሞተር የተቃጠለ ቀን መጀመሪያ የወቀስኩት ሚስቴን ነው። ሽታው ከማድ ቤት የመጣ መስሎኝ፣ "ሽሮሽ አረረ!" ብዬ ጮህኩባት። "ሽሮ አልጣድኩም፤ የራስህን ጉድ እይ" አለችኝ ከግድግዳው ወዲያ። ዞር ስል የምቀርጸው የአልጋ እግር መዞሩን አቁሟል፤ ከስሩ ጭስ ይወጣል። ያን ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የእኔ ሞተር ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀልድ የሚችልበት ዕድሜ ላይ አልነበረም።

ሰቆጣ ውስጥ እንጀራዬ ይቺ ቶርኖ ናት። እሷ እንጨቱን ታሽከረክርልኛለች፣ እኔ ስለቱን አስጠግቼ እቀርጻለሁ፤ የአልጋ እግር፣ የበርጩማ እግር፣ የመቋሚያ ዘንግ። ሞተሩን ተሸክሜ የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ የሚጠቀልለው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ከፍቶ አየውና፣ "ይህን ከዚህ በፊትም ጠቅልየዋለሁ። አሁንስ ቅበረውና ተዝካሩን አውጣ" አለኝ። ሥራው ሽቦ መጠቅለል እንጂ መርዶ መንገር አይመስለኝም ነበር፤ ተናድጄ ወጣሁ። ወልድያ ያለ ነጋዴ ዘንድ ደውዬ የአዲስ ሞተር ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ፣ ቶርኖውንም ጨምሮ የሚሸጥልኝ መሰለኝ።

ባህር ዳር ሶፋ ቤት ያለው የሚስቴ ወንድም፣ "ና፣ ተቀጥረህ ሥራ" ካለኝ ቆይቷል። ሚስቴ አንተ ከሄድክ እሄዳለሁ አለች። እናቴ ግን አፏን የፈታችው በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛዋ ገበያ ደርሶ ከመመለስ አያልፍም። "እዚያ ሄጄ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም" ብላ ነገሩን ዘጋችው። እሷን ጥዬ መሄድ አልችል፣ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችል። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍም ጸባይም አልነበረኝም።

ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት ጎረቤቴ ሐጂ፣ ሰው ሲቸገር ዝም ብለው አያዩም። አንዳንዴ እንዲያውም ዝም ቢሉ ብዬ እመኛለሁ። ለገበያተኛው ሁሉ ችግሬን ሲያወሩ ከርመው አንድ ቀን ጠሩኝ። ጋዝጊብላ ውስጥ ወፍጮ ያላቸው አንዲት እናት፣ የበርበሬ መፍጫቸውን ሞተር በትልቅ ቀይረው አሮጌውን ጥለውታል አሉኝ። በማግስቱ በአይሱዙ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሞተሩ ከጆንያ ስር ወጣ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው።

"ይሠራል ልጄ። ግን የበርበሬ ነው" አሉኝ ሴትየዋ፣ የልጁን ነውር እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እማማ፣ እኔ ይዙር እንጂ ሌላ አልፈልግበትም" አልኳቸው።

በእጄ ያለውን ገንዘብ ተቀበሉኝና በቀረው ፈንታ የአልጋ እግር ቀርጸህ ታመጣልኛለህ አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ።

ደስታዬ የቆየው ሰቆጣ እስክገባ ነው። ሞተሩ ከቀድሞው እጥፍ ይፈጥናል። ለበርበሬ ደግ ነው፤ እንጨት ግን በዚያ ፍጥነት ቢዞር ተፈናጥሮ ግንባሬን ይለኛል። ፍጥነቱን ለመቀነስ ቶርኖው ላይ ትልቅ ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው፣ ኃይሉን ከሞተሩ የሚያመጣው ቀበቶ፣ የሚጠመጠምበት ክብ ነገር፣ መግባት አለበት። የብረቱ ሰቆጣ አልተገኘም። ከዋንዛ ልሠራው እችላለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ክብ ነገር የሚሠራው በቶርኖ ነው። ቶርኖዬን ለማስነሳት ቶርኖ አስፈለገኝ። ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ሳቁ የጤና አልነበረም።

በዚህ መሃል መሪጌታ መጡ። የመጡት ሊቆጡኝ ነው፤ መቋሚያ አዘውኝ የቀጠርኳቸው ቀን አልፏል። "በዓሉ ደርሶ እኔ ባዶ እጄን ልቁም?" አሉኝ። ችግሬን ነገርኳቸው።

"በእጅ ቢዞርስ?"

"ማን ያዞረዋል መሪጌታ?"

"እኔና ሐጂ ምን ሆነን?" ብለው ወጡና ሐጂን ከሱቃቸው እየጎተቱ አመጧቸው።

ከዋንዛ በግምት ክብ ቆርጬ በሳሁና ቶርኖው ዘንግ ላይ አጠበቅኩት፤ ከጎኑ ዘንጉ ላይ ጠፍር ጠመጠምኩ፤ አንዱን ጫፍ ለሐጂ፣ አንዱን ለመሪጌታ ሰጠሁ። ሁለቱም መቅደም የለመዱ ሽማግሌዎች ናቸውና እኩል ሳቡ። ጠፍሩ ተወጠረ፣ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። በየተራ ብላቸው ደግሞ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል።

"ቆይ ሐጂ፣ ይህ እንደ ዝማሜ ነው" አሉ መሪጌታ። ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ የሚዘምሩትን ማለታቸው ነው። ቃል ሳያወጡ ዜማውን ብቻ እያንጎራጎሩ መሬቱን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

"ብቻ ሳላውቀው እንዳያቆርቡኝ!" አሉ ሐጂ፤ ምቱን ግን ያዙት።

እንጨቱ ወዲያና ወዲህ እኩል ይዞር ጀመር። ሐጂ ሲስቡ ወደ እኔ ስለሚዞር እቀርጻለሁ፤ መሪጌታ ሲስቡ ወደ ኋላ ስለሚዞር ስለቱን አነሳለሁ። ጥቂት እንደሄድን መሪጌታ ዜማውን አቋረጡ። "ምነው እኔ ስስብ ታርፋለህ? የእኔ ጉልበት ከሐጂ ያንሳል?" ባስረዳቸው አልሰማ ስላሉ ቦታ አቀያየርኳቸው። ከዚያ ደግሞ ሐጂ አኮረፉ። እንዲህ እያስታረቅኩ ፑሌጃው ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

ቺንጋውን አግብቼ ማብሪያውን ስጫን ከሞተሩ ሆድ የከረመ በርበሬ ቡን ብሎ ወጣ። ሦስታችንም ማስነጠሱን ተያያዝነው። መሪጌታ "ይማርዎ" ይላሉ፣ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፤ በዚያ ሁሉ መሃል የቶርኖው ድምፅ ተሰማኝ። ረጋ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ይዞራል። እንባዬ መጣና በበርበሬው አመካኘሁ።

ቤት ገብቼ እናቴን፣ "ሠራ። የትም አንሄድም" አልኳት። ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ስር በነጠላ የታሰረ ጓዝ ጎትታ አወጣች። የክት ቀሚሷና ጋቢዋ ተጣጥፈው ውስጡ ናቸው። መቼ እንደቋጠረችው አላውቅም፤ ንቅንቅ አልልም እያለች መሆን አለበት።

"ታዲያ ብቻህን ልሰድህ ኖሯል?" አለችኝ በኽምጣንጋ። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላት፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ፈታሁ።